አምስተኛው አዋሳኝ

አንማው እባላለሁ፤ የመሬት ጸሐፊ፣
ሰከላ ነው ቤቴ፤ ቀን በሜትር ለፊ፣
ማታ በማኅተም ወሰን የማጸድቅ፣
ከአራት አዋሳኝ አምስተኛ የማላውቅ፦
በምሥራቅ ቢያድግልኝ፣ በምዕራብ ጅረት፣
በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ የጥሩዬ መሬት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናብ እንዳባራ፣
ጉሙ ግሽን ለቆ ጨረቃ ስትበራ፣
ከምንጩ ራስጌ፣ ከረግረጉ ዳር፣
አንድ ነገር አረፈ፣ ጤዛ እንደሚያድር።
ታንኳ ነው ብዬ ነበር፣ በደንገል የተታታ፤
ሆዱ ግን ከተማ ነው፣ የሺህ ሰው መኝታ፤
ግራ ጎኑ ነድዶ፣ ስፌቱ ተተርትሮ፣
ጥገና ላይ ጥገና፣ ጠባሳ ተደርድሮ።

ሰዎቹ ወረዱ። (ሰው ካልናቸው ማለቴ።)
ምድር ከበደቻቸው፤ ዳኹ እስከ ቤቴ፣
በራሳቸው እየሣቁ።
መሪያቸው ኢሩሜ፣ ከደመና ጀርባ ተሸሽጋ፣
የድንበር ሙግታችንን ስትሰማ ክረምት ከበጋ፣
አማርኛ የለመደች በእኛው አፍ፣ በእኛው ክስ፣
"በሕግ አምላክ!" አለችኝ፣ ውሃ ስትለምን በለሆሳስ።

"አገር የለን፤ መንገድ ነው ርስታችን፣
አይቀበርም፣ ይበተናል እትብታችን፤
ፀሐይ ስትሞት እንነቅላለን፣ ሌላዋ ጋ እናድራለን፣
ከአንድ ምንጭ ሁለቴ አንቀዳም፤ ሕግ ብንባል ይህ ነው ያለን።
ባለቀላዶች መጥተው ሰማዩን ለኩት፣
ከኮከብ እስከ ኮከብ ገመድ ወጠሩበት፤
ግብር አሉን፤ ከፈልን። ርጉ አሉን፤ እምቢ አልን።
አርባ ታንኳ ነበርን። ሰባት ቀረን።"

ቀላድ ስትል ጊዜ አያቴ ታወሰኝ፣
ገመዱን በማጭድ የቆረጠው ሰው፤ ደሙ ወቀሰኝ፤
ሜትሬ ወገቤ ላይ እንደ እባብ ተጠቀለለ፤
ምንም አልመለስኩም፤ ቅል ሰጠኋት፤ ቅሉ ሞልቶ ዋለለ።
አንድ ሕፃን ሣር ነካ፤ ጣቱን አሸተተ፣ ደገመ፤
እናቱ ስትጠራው ዞሮ እያየ ቆመ።
ሳይነጋ ተነሡ። ሣሩ እንኳ አልተኛም።

በሦስተኛው ቀን እነዚያ መጡ፤
ንጹሓን፣ ጨዋዎች፤ ወንበር አምጥተው ተቀመጡ።
ሳጥናቸው አስተርጓሚ፣ መዝገበ ቃላት የዋጠ፣
ከ"ደኅና አደርክ" ውስጥ እንኳ አንዲት ፊደል ያላስመለጠ።
"ዘላኖቹ በየት ሄዱ? የነገረን ሰው" አሉ፣
"አንዲት ኮከብ ርስቱ ናት፣ ከነጨረቃዋ ሙሉ፤
ካርታውም ተዘጋጅቷል፣ ማኅተሙ ብቻ ቀርቶታል።"
(ጎመዠሁ። መዋሸት አልችልም፤ ማኅተም ያጓጓኛል።)

ሁለት ዓመት ዋሸራ፣ ቅኔ ቤት ተቀምጬ፣
ጉባኤ ቃና እንኳ ሳይሞላልኝ የወጣሁ አምልጬ፣
ያን ቀን ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፦
"ያያቸው አባይ ነው፤ የሸኛቸውም አባይ፤
ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፣ ከታች ላይ፤
አባይን ያመነ ሰው፣ መድረሻውን ሄዶ ይይ።"

ዓይኑን ዓ ከአልፋው አ አፍ አይለይምና፣
ሳጥኑ "ወንዝ" ብሎ ፈታው፣ ሰሙን ላሰና።
ወረዱ በጣና፣ በጢስ ዓባይ፣ በበረሃ፣
ገመዳቸውን እየጎተቱ፣ ሲለኩ ውሃ።

ወርቁን የደረሱበት ዕለት ይመለሱ ይሆናል።
ነሐሴ ሲያልቅ ጆሮዬ እንቅልፍ ይከለክለኛል።

ትናንት ጥሩዬ መጣች፣ አረንጓዴ ደብተሯን ልትወስድ፤
ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ሰሜን፣ ደቡብ ጻፍኩ፤ እጄ ቀጠለ መውረድ፦
"በላይ፦ መንገደኞች። መተላለፊያ፤ አይታጠርም።"
"ግብር ይጨምርብኛል?" አለች።
"አይጨምርም።"